የጺም አመጣጥና የመሐንዲስ ጥያቄ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በሲሚንቶ፣ በብረትና በድልድይ ጉዳይ ለመነጋገር የተሰበሰበ ጉባኤ ስለ ወንድ ልጅ ጺም ንግግር ሲቀርብለት ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ የቀረበ አይደለም። በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከገርጂ እስከ አያት፣ ከኮተቤ እስከ ቦሌ ለሚ፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ሕንፃ ያልተጀመረበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። ሕንፃ ባለበት ኮንክሪት ይቆረጣል፤ ድንጋይ ይፈለጣል፤ እብነ በረድ ይሞረዳል። ከዚህ ሁሉ በሚነሣው አቧራ ውስጥ ዓይን የማያየው ደቃቅ ሲሊካ አለ። ይህ ደቃቅ ነገር ወደ ሳንባ ጠልቆ ከገባ በኋላ ተመልሶ አይወጣም፤ በዓመታት ብዛት ሳንባውን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎ ሲሊኮሲስ የሚባለውን፣ እስከ ዛሬ ፈውስ ያልተገኘለትን በሽታ ያመጣል። ፊትን አጥብቆ የሚይዝ የአቧራ መከላከያ ጭንብል ለሠራተኛ የሚታደለው ስለዚህ ነው።

ጭንብሉ በሚታደልበት ጊዜ ጺም ያለው ሠራተኛ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ለዚህም በሥራ ቦታ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው፣ «ይላጭ፤ አለዚያም ሥራውን ይተው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ጺምን ተፈጥሮ የሰጠችው አቧራ እንዲያግድ ነው፤ ባለ ጺም ጭንብል አያሻውም» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ሰውን እንጀራውን ያሳጣዋል፤ ሁለተኛው ሳንባውን ያሳጣዋል። ስለሆነም ጺም ከየት መጣ፣ ለምንስ በቀለ የሚለው ጥያቄ ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ሰውን በሥራ ላይ የሚያሰማራ መሐንዲስም ሊመረምረው ይገባል።

ማንኛውም መልስ ሊያሟላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች

አንድ መሣሪያ ለምን እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የመሣሪያውን ጠባይ ይዘረዝራል። የጺምም ጠባይ ሲዘረዘር ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛ፣ ጺም በወንዶች ላይ ጎልቶ የሚታይ ሲሆን በሴቶች ላይ እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ሕፃን ይዞት አይወለድም፤ ጉልምስና ሲጀምር ይበቅላል። በልጅ አገጭ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር በወንድነት ሆርሞን ኃይል ወደ ወፍራምና ጠንካራ ጸጉር ይለወጣል። የሚያስገርመው፣ ይኸው ሆርሞን አገጭን እያለመለመ የአንዳንዱን ሰው አናት ደግሞ ራሰ በራ ማድረጉ ነው። ሦስተኛ፣ ጺም በሕዝቦች መካከል እኩል አይደለም። በምሥራቅ እስያና በአሜሪካ ጥንታውያን ሕዝቦች ዘንድ ሳሳ ይላል፤ በሌሎች ዘንድ ደረትን እስኪሸፍን ይረዝማል።

በዚህ ጥያቄ ላይ አገራችን የያዘችው ሀብት ታላቅ ቢሆንም አይረዳንም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስትገኝ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተገምቷል። በ1990 ዓ.ም. በሄርቶ የተገኙት የዘመናዊው ሰው የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ያህል የቆዩ ናቸው። ሁሉም አጥንትን ጠብቀው አቆይተዋል፤ ጸጉር ግን በእንዲህ ያለ ዘመን አይቆይም። ስለዚህ ጺም መቼ እንደ ጀመረ ከመሬት ቆፍሮ ማውጣት ስላልተቻለ ተመራማሪዎች በዛሬው ሰውና በዛሬው እንስሳ ላይ ተመሥርተው ወደ ኋላ ለመገመት ተገደዋል።

አቧራና ፀሐይ

በቅድሚያ የሥራ ቦታውን አስተያየት በነዚህ ሦስት መስፈርቶች እንመዝነው። ጺም የበቀለው አቧራ ሊያግድ ቢሆን ኖሮ፣ በአውድማ እህል የምታበጥረው፣ በቤት ዱቄት የምትነፋው፣ በአዲስ አበባም የሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የምትሸከመው ሴት ከማንም በፊት ጺም ባስፈለጋት ነበር። ትንፋሽ የሚገባውም በአፍንጫና በአፍ ነው፤ ጺም የሚበዛው ግን በአገጭ፣ በጉንጭና በጉሮሮ ላይ ነው። ማጣሪያን ከአየር መግቢያው አርቆ የሚተክል መሐንዲስ ደመወዝ አይከፈለውም።

የፀሐይ ነገር ከዚህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች የሰው ጭንቅላት አምሳያዎችን ልዩ ልዩ ርዝመት ባለው ጺም አልብሰው፣ በፀሐይ ላይ አቁመው፣ ከጺሙ ሥር የሚደርሰውን የአልትራ ቫዮሌት ጨረር ለክተዋል። የጺሙ የመከላከል መጠን እንደ ርዝመቱና እንደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ከ2 እስከ 21 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ከንቱ ነገር አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የጨረሩም ኃይል በየ1,000 ሜትሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ሆኖም ፀሐይ ወንድን ከሴት፣ ጎልማሳን ከሕፃን ለይታ አትመታም። ጺም ከፀሐይ ይጋርዳል ማለት እውነት ነው፤ ከፀሐይ ለመጋረድ በቀለ ማለት ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስፈርቶች ይጥሳል።

ውበትና ግርማ

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጺም ለኑሮ ትግል የሚጠቅም መሣሪያ ሳይሆን ጌጥ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እንደ ዳርዊን አባባል፣ በጥንት ዘመን ሴቶች ባለ ጺም ወንዶችን እየመረጡ በመውለዳቸው ጺም በትውልድ ላይ ትውልድ ጸንቷል። ይህም ጾታዊ መረጣ የተባለው ነው። ሐሳቡ ጺም በወንድ ላይ ብቻ፣ ያውም በጉልምስና ጊዜ ለምን እንደሚወጣ ያስረዳል። በሕዝቦች መካከል ያለውንም ልዩነት፣ ምርጫ ከአገር አገር ይለያያልና፣ ሊያስረዳ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሴቶች ራሳቸው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ዓይነት አልሆነም። ዲክሰንና ቬዚ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የአንዱን ሰው ፎቶግራፍ ከነጺሙና ተላጭቶ እያነሡ ለኒው ዚላንድና ለሳሞአ ሰዎች አሳዩ። ሴቶቹ ባለ ጺሙን ይበልጥ ያማረ አላሉትም። ነገር ግን ወንዶችም ሴቶችም ባለ ጺሙን በዕድሜ የገፋና በማኅበራዊ ማዕረግ ከፍ ያለ አድርገው ገመቱት፤ በቁጣ ፊት ሲታይም ይበልጥ አስፈሪ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ጺም ጥቂት በሆነበት መካከል ባለ ጺሙ፣ ጺም በበዛበት መካከል ደግሞ የተላጨው ይበልጥ እንደሚወደድ አሳይቷል። በቦሌ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት የወንዶች ጸጉር ቤቶች የአንድ ጊዜ ልማድ በሌላው ሲተካ እንዴት እንደሚኖሩበት ይህ ጥናት በጥቂቱ ይገልጸዋል።

ስለዚህ የብዙ ተመራማሪዎች ዓይን ከሴት ምርጫ ወደ ወንዶች ፉክክር ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሰዎች በጺማም ፊት ላይ ያለን ቁጣ ካልጠቆረ ፊት ይልቅ በፍጥነት እንደሚለዩ አረጋግጧል። በዚህ አስተያየት ጺም መሣሪያ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። አገጭን አተልቆ፣ ዕድሜን አክብዶ፣ ባለጋራ ጠብ ሳይጀምር እንዲያስብ ያደርጋል።

አንበሳና ጭላዳ

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሁለት እንስሳት ማስታወሱ አይቀርም። አንደኛው በአገራችን ደጋ ብቻ የሚገኘው ጭላዳ ሲሆን፣ ወንዱ ትከሻውን እስከ ወገቡ የሚሸፍን ጋማ አለው፤ ሴቲቱ ይህ የላትም። ሁለተኛው አንበሳ ነው። በስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ ለብዙ ዓመታት የኖሩት አንበሶች ጋማ ጥቁርና እስከ ደረትና ሆድ የሚወርድ በመሆኑ ይታወቁ ነበር።

ዳርዊን ራሱ የአንበሳ ጋማ ከባለጋራ ንክሻ ይጠብቃል ብሎ ነበር። ነገሩን በሴሬንጌቲ ሜዳ የፈተሹት ዌስትና ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የአንበሳ አምሳያዎችን ልዩ ልዩ ጋማ አልብሰው በሜዳ ላይ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳተሙት፣ ወንዶቹ አንበሶች ረጅምና ጥቁር ጋማ ያለውን አምሳያ ሸሹት፤ ሴቶቹ ጥቁሩን መረጡት። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2006 የአንበሶችን ቁስል መርምረው፣ በጋማው የሚሸፈነው የአካል ክፍል ከሌላው ይልቅ የውጊያ ዒላማ ለመሆኑ ማስረጃ አላገኙም። ስለዚህ የአንበሳ ጋማ ከጋሻነቱ ይልቅ ባንዲራነቱ ሚዛን ደፋ።

የዩታ ቤተ ሙከራ

በዚህ ሁሉ መካከል ለመሐንዲስ ቀልብ ይበልጥ የሚቀርበው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። ቤሰሪስ፣ ናልዌይና ካሪየር የተባሉት ሦስት ተመራማሪዎች ያነሡት ጥያቄ፣ ጺም በቡጢ የሚመታን መንጋጋ ከስብራት ያድናል ወይ የሚል ነበር። በሰዎች ጠብ ጊዜ በብዛት ከሚሰበሩት የፊት አጥንቶች አንዱ የታችኛው መንጋጋ ነውና ጥያቄው መነሻ አለው።

በሰው ላይ መሞከር ስለማይቻል በፋይበርና በኤፖክሲ የተሠራ የአጥንት ምትክ አዘጋጁ። ያንን በበግ ቆዳ ሸፈኑት። ሃያው ናሙና ከነጸጉሩ፣ ሃያው የተሸለተ፣ ሃያው የተነጨ ነበር። ከዚያም ክብደት ከላይ እየጣሉ ኃይሉን ከጊዜው ጋር መዘገቡ። ጸጉር ያለው ናሙና ከተነጨው ይልቅ 37 ከመቶ የበለጠ ጉልበት ዋጠ፤ የተመዘገበበትም ከፍተኛ ኃይል በ16 ከመቶ በለጠ። ከፍተኛው ኃይል መብለጡ በመጀመሪያ ሲሰማ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነገር ግን ቁሳቁስ የፈተነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀድሞ የተሰበረ ናሙና ከስብራቱ በኋላ ሸክም አይቀበልም፤ የጸና ናሙና ግን እስከ መጨረሻው ይሸከማል። ዋናው ምክንያት ጸጉሩ የምቱን ጊዜ ማርዘሙ ነው። ይህም ከአውሮፕላን ማረፊያ ጎማ እስከ ዕቃ ማሸጊያ ጭድ ድረስ የሚሠራ ሕግ ነው። ለዚህ ሥራ ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 አስቆ የሚያሳስበውን የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል።

ሙከራው ጥሩ ነው፤ ገደብም አለው። የበግ ጸጉር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሰው ጺም በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 400 የሚጠጉ የነጻ ትግል ተፋላሚዎችን ውጤት የመረመረ ጥናት ባለ ጺሞቹ ከተላጩት ይልቅ እንደሚያሸንፉ አላገኘም። የቤተ ሙከራው ጺም ቡጢን ያለዝባል፤ የሜዳው ጺም ድልን አላመጣም።

ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? አንድ ነገር ምን ማድረግ ይችላል፣ በምን ምክንያት ተገኘ፣ ዛሬስ ምን እንዲሠራ ይፈለጋል የሚሉት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጺም ጨረር ይጋርዳል፤ ምት ያለዝባል፤ እነዚህ ችሎታዎቹ ናቸው። የተገኘበት ምክንያት ግን፣ ማስረጃው ወደሚያደላበት ስንሄድ፣ ወንዶች ለወንዶች ዕድሜንና ግርማን የሚያሳዩበት ምልክት መሆኑ ነው። ምልክት መሆኑ ደግሞ በአገራችን ባህል በግልጽ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሥላሴ በሦስት ነጭ ጺም ባላቸው አረጋውያን አምሳል ይሣላሉ፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጸጉር ተሸፍኖ ይታያሉ። መነኩሴና ካህን ጺሙን ያሳድጋል፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ሙስሊም ሽማግሌ ጺሙን በሂና ያቀላል፤ ሐዘንተኛ ሳይላጭ ይሰነብታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉት አርበኞችም ጎፈሬያቸውንና ጺማቸውን ማሳደጋቸው የሚታወቅ ነው። እንግዲህ «ተላጭ» የተባለ ሰው የሚጠየቀው ጥቂት ጸጉር እንዲጥል ብቻ አይደለም፤ እምነቱን፣ ሐዘኑን ወይም ክብሩን የሚናገርበትን ምልክት እንዲያወርድ ነው።

ዛሬ በሥራ ቦታ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ ግን የጥንት አመጣጡ መልስ አይሰጥም። ይህ በልኬት ብቻ የሚመለስ ነው።

የጭንብሉ ልኬት

አንድ የጺም ዘንግ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 100 ማይክሮን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሳንባን ዘልቆ የሚገባው የአቧራ ቅንጣት ከ10 ማይክሮን ያነሰ ነው። በጭንብሉ ጠርዝና በቆዳው መካከል አንድ ዘንግ ሲገባ የሚከፈተው ቀዳዳ ለቅንጣቱ እንደ ሰፊ በር ነው። አየር እንደ ውኃ ሁሉ የሚቀልለውን መንገድ ይመርጣል፤ በማጣሪያው ከማለፍ ይልቅ በጎን ይገባል። ጺም በቀን አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የትናንት ላጭ እንኳ ለዛሬ ጠርዝ ደንቃራ ይሆናል። 95 ከመቶ የሚያጣራ ጭንብል ያደረገ ባለ ጺም የተጠበቀ ይመስለዋል እንጂ አልተጠበቀም።

ይህ ነገር በቦሌ በግልጽ የታሰበበት ጊዜ ቢኖር 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ታማሚዎችን ተቀበለ፤ ለኤግዚቢሽንና ለበዓል የተሠራው የቦሌው ሚሊኒየም አዳራሽም 1,000 ያህል አልጋዎች ወደሚይዝ የሕክምና ማዕከልነት ተለወጠ። በዚያ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያሉ የጤና ባለሙያዎች በጺምና በጭንብል መካከል ተይዘው ነበር። መውጫ መንገዶችም ተገኙ። በእንግሊዝ አገር ጺማቸውን በእምነታቸው ምክንያት የማይላጩ የሲክ ተከታዮች፣ ጺምን በሚለጠጥ ስስ ጎማ ሸፍነው፣ አናት ላይ አስረው፣ ጭንብሉን በላዩ በማድረግ መጠቀም እንደሚቻል በ2020 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከዚህም ሌላ በማራገቢያ ንጹሕ አየር የሚነፋበት፣ ራስን እስከ አንገት የሚሸፍን ቆብ አለ፤ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ጠርዙ ከቆዳ ጋር መጣበቅ አያሻውም።

ለማኅበሩ አባላት የሚቀርብ ሐሳብ

በመሆኑም በሥራ ቦታ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይበጃል።

አንደኛ፣ አቧራው ፊት ላይ ሳይደርስ ከምንጩ ይገታ። ኮንክሪት በሚቆርጠው ስለት ላይ ውኃ ማንጠባጠብ ከሁሉ የረከሰና ከሁሉ የበለጠ ዘዴ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የምሥራቅ ሰፈሮች ይህ የሚሆነው የውኃ ታንከሩና ቦቴው በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ ላይ እንደ ማንኛውም ሥራ በተራ ቁጥር ሲገባ ነው። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ደግሞ መሐንዲስ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠባቂ ጭንብል የግድ በሚሆንበት ሥራ ሁሉ ጭንብሉ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ፊት ላይ ይሞከር። ባለ ጺም ብቻ ሳይሆን ፊቱ ትንሽ የሆነ ሰውም፣ በተለይም ብዙ ሴቶች ሠራተኞች፣ ልኩ ባልሆነ ጭንብል ይጎዳሉ።

ሦስተኛ፣ ጺሙን የማይላጭ ሠራተኛ አቧራ በሚበዛበት ክፍል ማራገቢያ ያለው ቆብ ይሰጠው፤ ቆቡ ውድ ስለሆነ ለሚፈለግበት ክፍል ጥቂቱ ቢገዛ በተራ ይሠራበታል። ይህ እስኪሟላ ድረስ ከደመወዙ ሳይጎድል አቧራ ወደሌለበት ሥራ ይዛወር።

አራተኛ፣ በፈቃዱ የሚላጭ ሠራተኛ ጊዜና ንጹሕ መላጫ ይሰጠው። ጥቅልል ጸጉር ያለው ሰው በየቀኑ ቆዳው ድረስ ሲላጭ የተቆረጠው ዘንግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ገብቶ ያቆስለዋል። ይህ በሕክምና የታወቀ ችግር በአገራችን ወንዶች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ «በየቀኑ ላጭ» የሚለው ትእዛዝ ቀላል አይደለም። ፊቱ የቆሰለ ሠራተኛ እንደ እምቢተኛ መቆጠር የለበትም።

በሚቀጥለው የበጋ ወራት በምሥራቅ አዲስ አበባ አዲስ ሥራ የሚጀምሩ አባላት ብዙ ናቸው። የሥራ ዝርዝሩ ገና በጠረጴዛቸው ላይ ነው። የውኃው፣ የጭንብሉና የቆቡ መስመር ዛሬ ቢገባ ጥቂት ዋጋ ይጨምራል፤ ሳይገባ ቢቀር ግን ዋጋው ከሃያ ዓመት በኋላ ከድንጋይ ቆራጩ ትንፋሽ ላይ ይከፈላል።